ለሰባት ወሯ ልጅ የሠራሁት ምድጃ

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 1973

በርሜሉ አውቶቡስ ጣራ ላይ ታስሮ ደሴ ገባ። ረዳቱ ከኮምቦልቻ እስክንነሳ «ይሄ ደግሞ የምን ጉድ ነው?» ሲለኝ ነበር። ምድጃ ነው ብዬ ብነግረው አላመነኝም። የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ብርዱ በመስኮት ገባ። ልክ ነኝ አልኩ ለራሴ።

እህቴ ፋጡማ ከተገላገለች ዛሬ አሥራ ሁለት ቀኗ። ልጅቷ በሰባት ወሯ ነው የመጣችው። ክንዴ ላይ ተኝታ ቦታ ይተርፋል። ሐኪሙ ሲያሰናብታቸው «ከደረትሽ አትለያት፤ ክፍሉ ይሙቅ፤ ከሰል ግን እንዳታስገቢ» ብሏታል። የፋጡማ ባል ሹፌር ነው፣ አሰብ መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ እኔ። ስድስት ዓመት ፋብሪካ ጥገና ክፍል ስበይድ ኖሬ ለእህቴ ልጅ አንድ ምድጃ ካልሠራሁ ምኑን ሠራተኛ ሆንኩት?

የአምስት ቀን ፈቃድ አለኝ። በርሜሉ በጎኑ ይተኛል፤ በሩን ቆርጬ፣ የፌሮ እግሮቹን በይጄ ነው ያመጣሁት። የቀረኝ፦ ቱቦ። ጭሱ የሚወጣበት ቀዳዳ። እማማ ከድጃ።

እማማ ከድጃ የፋጡማ አማት ናቸው። በርሜሉን አይተው «ቤታችንን ነዳጅ ማደያ ልታደርጊው ነው?» አሉኝ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 7

ጠዋት በርሜሉን ግቢ ውስጥ አነደድኩት። የዘይቱና የቀለሙ ቅሪት ተቃጥሎ እስኪያልቅ ጥቁር ጭስ ሰፈሩን ሞላው። ይህ ቤት ውስጥ ቢሆን ኖሮ! ከዚያ ሆዱን በጡብና በአሸዋ ደለደልኩት፣ እሳቱ ብረቱን እንዳይበላው።

ከሰዓት ቀበሌ ሄድኩ። ቤቱ የቀበሌ ነው፤ ሳላስፈቅድ ጣራ ብበሳ የምትጠየቀው ፋጡማ ናት። የቤቶች ኃላፊው ከወረቀቱ ቀና ሳይል «ጣራ መብሳት ክልክል ነው» አለ። ስለ ልጅቷ ነገርኩት።

«ማመልከቻ ጻፊ ጓድ። ኮሚቴው ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ይሰበሰባል።»

አሥራ አምስት ቀን! እስከዚያ ምን ሊሆን እንደሚችል እዚህ አልጽፍም።

ስመለስ ፋጡማ ልጅቷን ደረቷ ላይ አስራ፣ ሁለት ብርድ ልብስ ደርባ ተቀምጣለች። «ፈቀዱልሽ?» አለችኝ። «አብሽሪ፣ አይዞሽ» አልኳት።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 8

መስኮቱ! ሰውየው የከለከለኝ ጣራ ነው። አንዱን መስታወት አውጥቼ በላሜራ ብተካው፣ ላሜራውን በቱቦው ልክ ብበሳው፣ ቱቦው በዚያ ወጥቶ በውጭ ግድግዳውን ይዞ ወደ ላይ ይሄዳል። የአቡጀዴ ኮርኒሱም አይነካም፤ ከሁሉ የፈራሁት እሱ እሳት እንዳይዘው ነበር።

ፒያሳ ሄድኩ። አባ ይማም አሸንዳ ሲሠሩ ያረጁ ሽማግሌ ናቸው። ስድስት ቱቦና ሁለት ጎሚቶ፣ እነዚያን መታጠፊያዎች፣ አዘዝኳቸው።

«ማን ነው የሚገጥመው?»

«እኔ ነኝ፣ አባ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያደርሱልኛል?»

ቀና ብለው አዩኝ። እጄ ላይ ያለውን የብየዳ ጠባሳ አይተው መሰለኝ፣ ሌላ አልጠየቁም። ሲያስረክቡኝ ግን «ጭስ ወደ ጎን መሄድ አይወድም። አግድሙን አሳጥሪው» አሉኝ።

መስታወቱን ሳልሰብር አወጣሁት። ትንሽ ድል።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 9

ቱቦውን ገጥሜ፣ እናትና ልጅን ጎረቤት አስቀምጬ ለኮስኩ። ጭሱ ተመልሶ ቤቱን ሞላው። እማማ ከድጃ እያሳሉ ወጡ። «አላልኩሽም!»

አጥፍቼ ውጭ ቆሜ አየሁ። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ጣራውን ተሻግሮ ቱቦው አፍ ውስጥ ይገባል። ቱቦው ከጣራው አናት በታች ነው የቀረው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ቸኩዬ በቁመቱ ላይ ሰሰትኩ።

አባ ይማም ጋ ሮጥኩ። ሁለት ቱቦና ባርኔጣ የመሰለ ክዳን ይዘው ራሳቸው መጡ። ገና ሳይቀመጡ «መገጣጠሚያውን ገልብጠሽዋል» አሉ። «የላይኛው ታችኛው ውስጥ ይግባ። አለዚያ የጥቀርሻው ውሃ በውጭ ይንጠባጠባል።» አፈርኩ። ሁሉንም ፈታሁ። መሰላሉን ያዙልኝ፣ እንደገና ገጠምኩ፣ በሦስት በኩል በሽቦ ወጠርኩት።

አሥር ሰዓት ላይ ቢስሚላህ ብዬ ለኮስኩ። መጀመሪያ ወረቀት፣ ቱቦው እንዲሞቅ። ከዚያ ጭራሮ። ከዚያ ደረቅ ባሕር ዛፍ። እሳቱ ጉርርር አለ። ውጭ ጭሱ ከጣራው በላይ ወጥቶ ሄደ። ውስጥ ምንም! እማማ ከድጃ ወደ ምድጃው ጎንበስ ብለው አሸተቱ።

«የት ሄደ?» አሉ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 10

ፋጡማ አንዱን ብርድ ልብስ ጣለች። ልጅቷ እጇን አወጣች። እንደ ሞኝ ጣቶቿን ቆጠርኩ።

ከጁምዓ በኋላ የቤቶች ኃላፊው መጣ። ቱቦውን ከመንገድ አይቶ ነው።

«ማን ፈቀደልሽ?»

«ጣራ አልነካሁም ጓድ።»

«መስኮቱስ የመንግሥት አይደለም?»

መስታወቱን ከጆንያ አውጥቼ አሳየሁት። «በጠየቃችሁኝ ቀን እመልሰዋለሁ» አልኩት።

ይሄኔ እማማ ከድጃ ተነሱ። ልጅቷን ገለጥ አድርገው «እያት» አሉት። «ይህን ብረት ንቀሉ ካልክ ወላሂ አንነቅልም። አንተው ንቀለው።»

ልጅቷን ብዙ አያት። በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር፤ ሳያስበው ይመስለኛል፣ ጠጋ ብሎ እጆቹን ወደ ሙቀቱ ዘረጋ። ሲወጣ «ማመልከቻውን ግን አምጪ» አለኝ። ተከትዬው ቀበሌ ሄጄ እዚያው ጽፌ ሰጠሁት።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 11

ፈቃዴ አለቀ። እማማ ከድጃን አሠለጠንኩ። እርጥብ እንጨት የለም። ላምባ ማርከፍከፍ የለም። የሚደርቅ ልብስ ከምድጃው ይራቅ። ሌላኛው መስኮት ትንሽ ገርበብ ይበል። ቱቦው በሳምንት አንዴ ይራገፍ።

«እሳት ስለኩስ አንቺ አልተወለድሽም» አሉኝ። ግን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ ራሳቸው ለኮሱ። እንዳልነካ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ቆምኩ። አልሳቱም።

ስሰናበት፣ እስከ ዛሬ ድምጿ ከእናቷ ደረት የማያልፈው ልጅ አለቀሰች። ጮክ ብላ፣ ተቆጥታ፣ ጎረቤት እስኪሰማ። ፋጡማ ደነገጠችና ሳቀች። «ሰማሻት?»

ሰማኋት። የጥር ብርድ ገና ከፊታችን ነው፤ ልጅቷም ገና እፍኝ ናት። ይህን የምጽፈው አውቶቡሱ እስኪሞላ ነው። ከመናኸሪያው ሆኜ ቤታቸው አይታየኝም። እጄ ግን ከጠዋቱ እሳት አሁንም ይሞቃል፤ አልሐምዱሊላህ።