ክሩን እጅህ ላይ አትጠምጥም

ውዱ፣

የተጎነጎነው የዓሣ ማጥመጃ ክር ትናንት ጠዋት ሙሉ ነበር፤ የገዛኸው የበግ እግርም አልተነካም ነበር። አሁን ሁለቱም እንደነበሩ አይደሉም። የነካኋቸው እኔ ነኝ፤ አንብበህ ሳትጨርስ አትቆጣ።

ይህን ክር የመረጥሁልህ ቀጭንና ጠንካራ ስለሆነ ነው፤ ጀልባው እየሄደ ሲጎትተው በደንብ ይጠልቃል። የናይሎን ክር ግን ይለጠጣል፤ ይህ አይለጠጥም።
ስገዛው እጅህን አላሰብሁትም።

ትናንት ስትለማመድ እንደ በቅሎህ ገመድ የእጅህ አንጓ ላይ ሁለት ዙር ጠመጠምኸው። "ተው" ስልህ፣ "አንተ ዋልያህን ቁጠር! በቅሎ ያላመለጠችኝን ሰው ዓሣ ያመልጠኛል?" ብለህ ሳቅህ።

እኔ የፈራሁት ዓሣው እንዳያመልጥህ አይደለም። ነገ ጎርጎራ ላይ መንጠቆው ድንጋይ ቢይዝ ጀልባው አይቆምልህም።
ዋናም አትችልም።

ለዋልያ ቆጠራ የሚወስደኝ የአምባራሱ መኪና ክላክስ እያደረገ ነው። ጓንትና ቢላዋ በሩ ላይ ሰቅያለሁ። ክሩ ሲሳብ እንዲለቅ የሚጠቀለልበትን መንኮራኩር ማጥበቂያ አላልቼዋለሁ፤ አታጥብቀው። ክሩን እጅህ ላይ አትጠምጥም።

ከክሩ ቆርጬ የበግ እግሩ ላይ እንዳንተ ሁለት ዙር ጠምጥሜ ሃያ ኪሎ ገብስ አንጠለጠልሁበት። ክሩ አልተበጠሰም። ሥጋው ውስጥ አሥራ ሁለት ሚሊሜትር ገብቶ አጥንቱ ላይ ቆመ።

ሰብስቤ