ከማድረቂያው የወጣ ፎጣ

ሰኞ፣ ነሐሴ 3

ደግሞ አልደረቀም። አንሶላው ከማሽኑ ሲወጣ እጅ ያቃጥላል፤ ግን እርጥብ ነው። የተቀቀለ ጎመን ነው የሚመስለው። ደግሜ ከተትኩት፣ ያው ነው። የክፍሉ ግድግዳ ላብ አውጥቶ ቀለሙ መውረድ ጀምሯል።

እትዬ ጥሩወርቅ በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል። ሆቴሉም ማሽኑም የእሳቸው ነው፤ ያስገዛኋቸው ግን እኔ ነኝ። «ቤይሩት እያለሁ በዚህ ነበር የማደርቀው፤ ዝናብ የለ ምን የለ» እያልኩ ከሰኔ ጀምሮ ጆሯቸውን በላሁት። ባሕር ዳር አንድ ሆቴል ዕቃውን ሲሸጥ ሄደው ማድረቂያውን አስጭነው መጡ። አሁን «እንግዲህ» አሉና ሄዱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

የሚያስጨንቁኝ ነገሮች፦
— የመምህራን ስልጠና ስለተጀመረ ባዶ አልጋ የለም።
— ፀሐይ የምትባል ነገር ከወጣች ቆየች። ደብረ ማርቆስ ጭጋግ ውስጥ ናት።
— ገመድ ላይ ያለው አንሶላ ሁሉ መሽተት ጀምሯል።
— ከደብረ ኤልያስ የመጡት መምህር ጠዋት ሱሪያቸውን በእርጥቡ ለብሰው ወጡ። «ገላዬ ላይ ይደርቃል» ብለው ሳቁ። እኔ አፈርኩ።

አንድ ነገር ግን አለ። የማሽኑን በር ስከፍት ሙቀቱ ፊቴን ሲመታኝ ዓይኔ በራሱ ተጨፈነ። ያራ ከጎኔ የቆመች መሰለኝ። እጄን ወደ ታች ሰደድኩ፤ ማንም የለም።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 4

ስለ ያራ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እዚህም ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ልጻፍ።

ቤይሩት የሠራሁበት ቤት ልጅ ናት። ስገባ አራስ ነበረች፤ ስወጣ ከእኔ የበለጠ ትናገራለች። እኔ ክፍል ነበር የምትተኛው። ሰርካዲስ ማለት ስላቃታት «ሳዲ» ትለኝ ነበር፤ በኋላ ማዳምም ጌታዬም ሳዲ አሉኝ።

እዚያም ክረምት አለ፤ ከባሕሩ የሚመጣው ብርድ አጥንት ይገባል። ያራን ሳጥብ ፎጣዋን ማድረቂያው ውስጥ እከታለሁ። ማሽኑ ጨርሶ ጢጥ ሲል ገንዳው ውስጥ ሆና በደስታ ትጮሃለች። በትኩሱ ፎጣ ጠቅልዬ አዝላታለሁ። መጀመሪያ ማዳም ደነገጠች፤ «ትወድቃለች! አውርጃት!» አለች። እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም። በኋላ ግን ልጅቱ አልተኛ ስትል ራሷ ፎጣውን አምጥታ ታቀብለኝ ጀመር። ያራ ጉንጯን ማጅራቴ ላይ ታደርግና ኮሪደሩን ሳንጨርስ ትተኛለች። ያ ክብደት አሁንም ጀርባዬ ላይ አለ።

ወደ አገሬ የተመለስኩት አባቴ ሞቶ እናቴ ብቻዋን ስለቀረች ነው። ያራ ተኝታ ሳለች ወጣሁ፤ ማዳም እንዲያ ይሻላል ስላለች። እዚህ ከገባሁ በኋላ ደወልኩ። ሌላ ጊዜም ደወልኩ። ያኔ ማዳም እያለቀሰች፣ «ሳዲ፣ አትደውዪ። ስትደውዪ ስንት ቀን ታለቅሳለች። ትርሳሽ» አለችኝ። ክፉ ሰው አይደለችም። ተውኩ። ይኸው ክረምት አልፎ ክረምት መጣ።

እዚህ ሰው ሁሉ «እንኳን ከዚያ ሲኦል ወጣሽ» ይለኛል። ሲኦል የሆነባቸው አሉ፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ዝም እላለሁ። የሰው ልጅ፣ የዓረብ ልጅ ናፈቀችኝ ብል ምን ይሉኛል? ሠላሳ ሊሞላኝ ነው፣ የራሴን አልወለድኩም። እናቴ ባል አግቢ ትላለች። እኔ ያራን አስባለሁ።

ናፈቀችኝ። በቃ፣ ይኸው ጻፍኩት።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 5

መብራት የለም። ቀኑን ሙሉ የለም። የትራስ ልብስ በከሰል ካውያ ሳደርቅ ዋልኩ። እትዬ ከቅዳሴ ሲመለሱ ማሽኑን ነጠላ አለበሱት። «ብርድ እንዳይመታው» አሉ። እየቀለዱ ይሁን ከልባቸው አላወቅኩም።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 6

ይበልጣል መጣ። ቴክኒክና ሙያ ኤሌክትሪክ ያስተምራል፤ ሲመቸው የሆቴሉን መብራትና ቦይለር ያያል። ማድረቂያ ግን በእጁ ነክቶ አያውቅም። እኔ የማሽኑን ፊት አውቃለሁ፣ እሱ ሆዱን ይገምታል። በሩንና ቁልፎቹን አሳየሁት። ብናኝ የሚይዘውን ወንፊት ስቤ አወጣሁለት፤ ከአንሶላው የወጣ ነጭ ብናኝ ለብሷል። ቤይሩት እያለሁ ይሄ ብናኝ ሮዝ ነበር፣ የያራ ፒጃማ ሮዝ ስለሆነ። ይህን ለይበልጣል አልነገርኩትም።

የጀርባውን ቆርቆሮ ፈታው። ሞተር አለ። ሞተሩ ቺንጋ በሚሉት የጎማ ቀበቶ ትልቁን የተበሳሳ በርሜል ያዞራል። በርሜሉ ውስጥ ያሉት ክንፎች ልብሱን ወደ ላይ እያነሱ ይጥሉታል፤ ሲወድቅ ይበተንና አየር ያገኛል። ከኋላ የሚግል ሽቦ አለ፣ እንደ ኤሌክትሪክ ምድጃው ያለ። ማራገቢያው በዚያ ሽቦ ላይ ያለፈውን አየር በልብሱ መካከል ይስበዋል። ከመጠን በላይ እንዳይግል ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጥ ትንሽ ነገርም አለችው። እየፈታ ሁሉንም ነገረኝ፤ ለተማሪዎቹ የሚያወራ ይመስል ነበር፣ ግን ደስ አለኝ።

«ታዲያ እርጥቡ አየር በየት ነው የሚወጣው?» አለ።

እኔ እንጃ። ቤይሩት ጀርባውን አይቼው አላውቅም፣ ግድግዳ ላይ ተጠግቶ ነበር የተቀመጠው።

ጎንበስ ብሎ በባትሪ አየና ሳቀ። ከታች የድስት አፍ የሚያህል ቀዳዳ አለ። ከባሕር ዳር ሲመጣ ቱቦው አልመጣም። ክፍሉን ደግሞ እትዬ ነፋስ እንዳይገባ ብለው መስኮቱን በላስቲክ አሽገውታል። እንፋሎቱ ከማሽኑ ይወጣል፣ መሄጃ ያጣል፣ ተመልሶ ወደ ማሽኑ ይገባል።

«ማድረቅ ማለት ውኃውን ማጥፋት አይደለም» አለኝ። «ውኃ አይጠፋም። ማስወጣት ነው።»

ግድግዳው ይበሳ ሲባል እትዬ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ። «ነፋስ ልታስገቡብኝ? ሰው በበጋ መስኮት ዘግቶ በሚተኛበት አገር እናንተ በነሐሴ ግድግዳ ትበሳላችሁ?»

ይበልጣል ቁጭ አድርጎ አባበላቸው። የዱሮዎቹ ማድረቂያዎች እሳት ላይ በእጅ የሚዞሩ የተበሳሱ በርሜሎች ነበሩ አላቸው፤ ልብሱ ጭስ ጭስ ይሸታል፣ አንዳንዴም ይቃጠላል። ከዚያ በኋላ በረዶ አገር የሚኖር አንድ ሰው ልብስ ውጭ እየሰቀሉ በብርድ መቀጣት መሮት ጎጆ ሠራ፣ ምድጃ አስገባ፣ ልብሱን እዚያ ሰቀለ። ከዚያ በርሜሉን በሞተር ማዞር መጣ፣ በጋዝና በኤሌክትሪክ ማሞቅ መጣ፣ ሰዓት ቆጥሮ ራሱ የሚቆም መጣ። አሁንማ ልብሱ መድረቁን ራሱ የሚያውቅ፣ ቱቦም የማይፈልግ፣ እንፋሎቱን አቀዝቅዞ ውኃውን መሳቢያ ውስጥ የሚያጠራቅም አለ።

እትዬ፣ «እና ያን ትታችሁ ግድግዳ የሚያስበሳውን አስገዛችሁኝ?» አሉ። ግን ፈቀዱ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 7

ደረቀ!!

ይበልጣል በጠዋት የላሜራ ቱቦ አሠርቶ መጣ። ግድግዳው ተበሳ። ማሽኑን ስናስነሳው በጓሮ በኩል ነጭ እንፋሎት ቦለል ብሎ ወጣ። ወዲያው ጩኸት ሰማን፤ ጎረቤቶች «ሆቴሉ ተቃጠለ!» ብለው ባልዲ ይዘው መጡ። አንዱ ቱቦው ላይ ውኃ ሊደፋ ሲል ይበልጣል ዘሎ ያዘው። እትዬ ከሳቃቸው ብዛት የፍልሰታ ጦም ላይ መሆናቸውን ረስተው ውኃ ስጡኝ አሉ።

አንሶላው ደረቅ፣ ለስላሳ። የመምህሩን ሱሪም አደረቅኩላቸው። ለብሰውት ወጡና «እንደገና ነው የተወለድኩት» አሉ።

ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ስሆን ፎጣዎቹን አወጣሁ። አንዱን ደረቴ ላይ አደረግኩት። ከዚያ፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ጀርባዬ ላይ አደረግኩት። ማጅራቴ ሞቀ። ቆሜ አለቀስኩ፣ ፎጣው እስኪቀዘቅዝ። ቶሎ ነው የሚቀዘቅዘው።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 8

ጠዋት አንሶላው እንደ ሰኞው እርጥብ ሆኖ ወጣ። ግድግዳው ደግሞ አልቧል። በጓሮ ዞሬ ቱቦውን ባየው አፉ በጆንያ ተጠቅጥቋል።

እትዬ ናቸው። «ትናንት ማታ በዚያ በኩል የገባው ነፋስ ወገቤን ሊቆርጠው ነበር፤ ጠዋት ማንሳቱን ረሳሁት» አሉ፣ እንደ ማፈር ብለው። ይበልጣል ሲሰማ የጎማ ቁራጭ ቱቦው አፍ ላይ ከላይ ብቻ አሰረለት። ማሽኑ ሲነፍስ ጎማው ይነሳል፣ ሲያቆም ይዘጋል። እትዬ ሦስት ጊዜ አስነስተው አስቆሙትና አመኑ።

ወደ ቤት ስሄድ ለእናቴ ወገብ ብዬ ትኩስ ፎጣ በነጠላዬ ስር ደበቅኩ። ዝናብ ጣለ፣ ጭቃው ያዘኝ፣ ስደርስ በርዷል። አውጥቼ ሳየው እንባዬ መጣ። ለፎጣ።

እናቴ ሽሮውን አውርዳ ተቀመጠች። «ምን ሁነሻል? ሰሞኑን እያየሁሽ ነው» አለችኝ።

ነገርኳት። ሁሉንም፣ ማዘሌን፣ ተኝታ ሳለች መውጣቴን፣ ማዳም አትደውዪ ማለቷን። ትስቃለች ወይ ትቆጣለች ብዬ ነበር። እሷ ግን፣ «ተራስነቷ ጀምረሽ አሳድገሽ እንዴት አትናፍቅሽ? ዲንጋይ አይደለሽ» አለች። ደግሞም፣ «እኔስ፣ አንች ከዚያ ስትደውይልኝ አባትሽ ቢኖር ትጠይቂው ነበር፤ እንጀራ ሳልቀምስ ነበር የማለቅሰው። ስንት ቀን። ታዲያ ባትደውይ ይሻለኝ ነበር?» አለችኝ።

ነጠላዬን አወለቅኩና እሳቱ አጠገብ ሰቀልኩት።

«ደውይ» አለች። «ብታለቅስም ታልቅስ።»

ያን ፎጣ ወገቧ ላይ አሰረችው፤ ሞቃት ነው አለችኝ። አይደለም።

እሁድ፣ ነሐሴ 9

ደወልኩ።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ካርድ ሞላሁና ማድረቂያው ክፍል ገባሁ፤ ዛሬ እሁድ ስለሆነ ማሽኑ አይሠራም፣ ሰውም አይመጣም። ዓረብኛዬ ዝጓል፤ የምለውን አስቀድሜ ለብቻዬ ተለማመድኩት። ማዳም አነሳች። «ሳዲ?» አለች፣ ሳልናገር። አትደውዪ አላልኩሽም ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። አላለችም።

«አልዋሽሽም» አለች። «ፊትሽን አታስታውሰውም። ፎቶሽን አሳየኋት፣ ይቺ ማን ናት አለችኝ።»

ይሄን ነበር የፈራሁት። እሺ አልኩ።

«ግን አንድ ነገር ልንገርሽ» አለች። «ማድረቂያው እስኪጨርስ ጠብቃ ፎጣ ታወጣለች፤ የቀዘቀዘውን አትነካም። በሱ አሻንጉሊቷን ጀርባዋ ላይ ታስራለች። ማን እንዳሳያት አታውቅም። ሁሌ ይፈታባታል፣ አሻንጉሊቷ ትወድቃለች፣ ትበሳጫለች። ሁላችንም ሞክረናል፣ ማናችንም ማሰር አንችልም። አሁንም ይኸው እየታገለች ነው።»

ስልኩን ለያራ ስጪልኝ አልኳት። ድምፅዋ ጠንክሯል፣ እንደ ትልቅ ልጅ ነው። «ማን ነሽ?» አለችኝ። ሳዲ ነኝ አልኳት። ከኋላዋ ማሽኑ ሌላ ልብስ ሲያዞር ይሰማኛል፣ ያው ማሽን፣ ያው ድምፅ።

«ፎጣውን እንዴት እንደምታስሪው ልንገርሽ?» አልኳት።

«ታውቂያለሽ?»

ጎንበስ በይ አልኳት። አሻንጉሊቷን ጀርባሽ ላይ አስተኛት። ፎጣውን ከላይዋ ጣይባት። አሁን ጫፎቹን በብብትሽ ስር አሳልፊ ልላት ስል ብብት በዓረብኛ ምን እንደሚባል ጠፋኝ። ባስበው ባስበው የለም። «እዚያ፣ ስኮረኩርሽ የምትስቂበት ቦታ» አልኳት።

ሳቀች። ያን ሳቅ አውቀዋለሁ። ማንም ሳይነካት፣ እዚያው ቆማ ሳቀች።

«በዚያ በኩል አሳልፊና ደረትሽ ላይ አጥብቀሽ እጠፊው። አሁን ቀና በይ። ቀስ ብለሽ።»

ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው መሰለኝ። እግሯን ሰማሁ። ከዚያ ከሩቅ፣ «አልወደቀችም! ማማ፣ አልወደቀችም!» ስትል ሰማሁ። ኮሪደሩን ስትሮጥ ይሰማኛል፣ እስከ መጨረሻው፣ ተመልሳም።

ካርዱ እዚያ ላይ አለቀ።

አሁንም ፊቴን አታውቀውም። ስልኩን ይዤ ባዶው ማሽን ላይ ተደግፌ ቆየሁ። እትዬ አንገታቸውን አስገብተው «ምነው፣ ደግሞ ተበላሸ?» አሉኝ። አልተበላሸም አልኳቸው። ነገ አንሶላዎቹ አሉ፣ ፎጣዎቹ አሉ። ጠዋት ስመጣ ካርድ እገዛለሁ።