በመድኃኒቷ ላይ ያስገጠምሽው ዕቃ

ውድ እህቴ ባንቺዓለም፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን፤ ልጅሽ ንጋትም አሁን ተሽሏታል። በስልክ ልነግርሽ ስሞክር ሁለታችንም ስለምንቆጣ በወረቀት ጻፍኩልሽ። ጓደኛሽ ጀውሀራ ዕረፍቷን ጨርሳ ወደ ዱባይ ስትመለስ ታደርስልሻለች።

ያቺን በንጋት የአስም መድኃኒት ላይ የምትገጠም ዕቃ ከላክሽ ወዲህ ቤቴ የኔ ቤት አልመስል አለኝ። ንጋት መድኃኒቱን በተጫነች ቁጥር በኔ ስልክ በኩል መልእክት እንደሚደርስሽ ስትነግሪኝ መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። ሐኪሙ ጠዋትና ማታ ሳታቋርጥ ትሳብ ብሏል፤ እናት ናትና ትከታተል አልኩ። ኋላ ግን "ልጄ እንዴት ዋለች?" ማለትሽ ቀረና "ዛሬ ለምን ዘገየ?" ሆነ። "እትዬ" ትዪኝ የነበርሽው "ስሚ ብርቅዬ" ማለት ጀመርሽ።

አንድ ቀን ባለሱቁ ጥሩሰው ዘንድ ስኳር ልገዛ ብሄድ፣ "ለመሆኑ ልጅቷ መድኃኒቷን በደንብ ትወስዳለች?" አለኝ።

"አንተ ማን ነገረህ?" ብዬ ብጠይቀው ሳቅ ብሎ ወደ ሚዛኑ ዞረ። እንዲሰልለኝ ያዘዝሽው አንቺ እንደሆንሽ ገባኝ። ከዚያ ወዲያ ዕቃዋ ወሬም የምትሰማ እየመሰለኝ በገዛ ቤቴ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ማውራት ያዝኩ።

ከዚያ ያ ስልክ መጣ። "ቀን ቀን መድኃኒቱን ማነው የሚጫነው? ለሰው እየሸጥሽው ነው እንዴ?" አልሽኝ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደግኋትን እኔን። ስልኩን ዘጋሁብሽ። እውነቱን ብነግርሽ ግን እኔም ማን እንደሚነካው አላውቅም ነበር። የአከራያችንን ልጅ ጠረጠርኩ። ራስሽ ከዚያ ሆነሽ የምታስነኪው ሰው ያለም መሰለኝ።

ሐሙስ ዕለት ንጋት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደረቷ ያፏጫል። ከአሸተን ተራራ በኩል አቧራ የያዘ ነፋስ ሲወርድ ነበር የዋለው። መድኃኒቷን ብሰጣት ምንም አልተሻላትም። ከንፈሯ ጠቆር ሲል አዝዬያት ወደ ሆስፒታል ሮጥኩ። ኦክሲጅን አደረጉላት። ነርሷ መድኃኒቱን ነቅንቃ አየችና፣ "ይኼማ ካለቀ ሰንብቷል፤ የሚወጣው ባዶ ንፋስ ነው" አለችኝ። እንዲህ ቶሎ ማለቅ አልነበረበትም።

ትንፋሿ ሲመለስላት አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

"ንጋትዬ፣ መድኃኒትሽን እኔ ሳላይ ማነው የሚነካው? አልቆጣሽም።"

"እኔ ነኝ" አለች።

"ሲያምሽ ነው?"

"አያመኝም። ስጫነው እማዬ ትደውላለች።"

እኔ ውጭ ልብስ ሳጥብ መድኃኒቱን ወደ አየር ትጫናለች፤ አንቺ ደንግጠሽ ትደውያለሽ፤ ስልኩን እሷ ታነሣለች። "ማነው የተጫነው?" ስትያት "እንጃ" ትልሻለች። ድምፅሽን ከሰማች ይበቃታል። አንቺ እኔን ስትጠረጥሪ፣ እኔ የአከራያችንን ልጅ ስጠረጥር፣ ልጅቷ መድኃኒቷን እየጨረሰች ነበር።

ዕቃዋን ነቅዬ በጨርቅ ጠቅልዬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። አዲሱን መድኃኒት እኔ ጋ አስቀምጬ ጠዋትና ማታ በእጄ እሰጣታለሁ። ይህን ሁሉ ታምኚኛለሽ ብዬ እርግጠኛ አይደለሁም። ለማጣራት ብለሽ ጥሩሰው ዘንድ ብትደውዪ ግን እሰማለሁ፤ ያን ጊዜ አልቀየምም ብዬ አልዋሽሽም። ልጅሽን የሚያሳድግልሽ ሌላ ሰው ትፈልጊያለሽ።

ማታ ማታ ሥራሽን ስታበቂ ደውዪላት። የመድኃኒቱን ነገር እኔን ጠይቂኝ፤ እሷን ግን ስለ ሌላ ስለ ሌላው አጫውቻት። የፊት ጥርሷ ወልቋል። እስካሁን አልጠየቅሻትም።

እህትሽ ብርቅዬ
ላሊበላ