አባዬ፣ ፌሎሺፑ እኮ የዓይን ነው

ይድረስ ለውዱ አባቴ፣ አላህ ማረፊያህን ጀነት ያድርግልህ፣

ከተለየኸን ዓመት ሊሞላህ ሁለት ሳምንት ቀረው። ባለፈው ዓመት ኢድ ካለፈ በሦስተኛው ሳምንት ነው፣ ሺፍትህን ጨርሰህ ጋራዡ ውስጥ የባሱን ወረቀት ስታስረክብ ልብህ ቀጥ ያለችው። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ የምነግርህ አጥቼ አይደለም፣ ገና «አባዬ» ብዬ ስጀምር እንባዬ ስለሚቀድመኝ ነው። ዛሬ ግን እንባም የለኝም፣ ድንጋጤ ብቻ። ባለፈው ሳምንት፣ የኢድ ዕለት፣ ጋሽ ከድር የነገሩኝን ከሰማሁ ወዲህ እኔ ሰው አይደለሁም። ትናንት ሻይዬ ውስጥ ጨው ጨምሬ ግማሹን ከጠጣሁ በኋላ ነው የነቃሁት።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ፣ አለዚያ ትቆጣለህ። እማዬ ደህና ናት። ከአርችዌይ ቤቴ ለቅቄ እዚሁ ለንደን፣ ኤድመንተን እሷ ጋ ገብቻለሁ። የሥራ ጃኬትህ አሁንም በሩ ጀርባ ተሰቅሏል፣ እኔ ላወርደው ስል እሷ ታኮርፋለች። አሁን ባስ ስትሳፈር ሁልጊዜ ከሹፌሩ ቅርብ ያለችውን ወንበር ነው የምትይዘው፤ ሹፌሮቹም አውቀዋት ቆመው ይጠብቋታል። ለረመዳን ፍሪዘሩን ስታጸዳ ደግሞ ከታችኛው መሳቢያ አንድ ትልቅ ዓሣ አገኘች። ላስቲኩ ላይ ወረቀት ለጥፈህ በእጅህ «አይነካም» ብለህበታል። አንተና ዓሣ! ሽታው ሲመጣ መስኮት የምትከፍት ሰው! እማዬ ብታስብ ብታስብ አልገባት አለ፤ «እሱ አይነካም ካለ አይነካም» ብላ መልሳ ከተተችው። እኔም የሹፌር ጓደኛ አደራ ይሆናል ብዬ ተውኩት።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ።

ያን ቀን ታስታውሳለህ፣ ለሁለተኛ ጊዜ የወደቅሁ ዕለት? የዓይን ሐኪም የሚያደርገው ስልጠና ውስጥ ለመግባት ተወዳድሬ አልተቀበሉኝም። ቤት መሄድ አፍሬ አንተ የምትነዳው ባስ ላይ ወጥቼ ፎቁ ላይ እስከ መጨረሻው ፌርማታ አለቀስኩ። ባሱን አቁመህ ወደ ላይ መጣህና ያመለጠሽ ባሱ ነው እንጂ መንገዱ የትም አልሄደም አልከኝ። ግማሽ ሳንድዊችህን ሰጥተኸኝ ወረድክ።

እኔም መንገዱን ፈለግሁ። እንደ እኔ ሳያልፉ ለቀሩ ሐኪሞች የዓይን ምርምር የሚያሠሩበት የሁለት ዓመት ቦታ አለ፣ አባዬ። ቀኑን ሙሉ የዓይን ጀርባ ፎቶ እያየህ፣ የደም ሥሩን እየለየህ፣ ጽሑፍ አሳትመህ፣ ከዚያ እንደገና ትወዳደራለህ። በእንግሊዝኛ ስሙ ፌሎሺፕ ነው። ይኼን ሁሉ ያን ጊዜ ልነግርህ ይገባ ነበር። እኔ ግን የመቀበያው ደብዳቤ ሲደርሰኝ የዕረፍት ሰዓትህ ላይ እያለህ ደወልኩና «አባዬ፣ ፌሎሺፕ ገባሁ!» ብዬ ጮህኩ።

  ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቅኸኝ። ዓመት ሙሉ ስሞክር ነበር፣ እንዳትጨነቁ ብዬ ነው የደበቅኋችሁ አልኩ። ማን ነው የወሰደሽ አልክ። ጓደኛዬ ሩት ናት፣ እሷም እዚያው ናት አልኩ። የትኛዋ ሩት አልክ። እናቷ ቸርች የምትዘምረው ሩት ነቻ አልኩህ! ሥራሽስ ብትለኝ ለቀቅሁ፣ ይኼኛው ሙሉ ጊዜ ነው አልኩህ። በየሰኞው እንሰበሰባለን፣ ሌላ ቦታ ያልተቀበላቸውን ሰዎች ነው የሚቀበሉት፣ ደስ የሚሉ ሰዎች ናቸው። ይኼን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ! ዓይን የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። ለምን ይወጣል፣ እኔ ከዓይን ሌላ ምን አለኝ? አንተም በቀጭን ድምፅ ለእናትሽ እኔ እነግራታለሁ፣ አንቺ ዝም በይ አልከኝ።

አልነገርካትም። እሷ እስከ ኢድ ድረስ ሆስፒታል እንደወትሮው የምሠራ ነበር የሚመስላት፤ አልተሳሳተችም፣ ፌሎሺፑም እኮ ሆስፒታል ውስጥ ነው።

የኢድ ዕለት እማዬ ጋሽ ከድርን ምሳ ጠርታቸው ነበር። ከአንተ ጋር ስንት ዓመት አንድ ጋራዥ የነዱ ሰው፣ ያላንተ ኢድ ብቻቸውን እንዳይውሉ ብላ ነው። እኔም ደስታዬን ላካፍላቸው ብዬ «ጋሼ፣ ተሳካልኝ፣ በነሐሴ ከፌሎሺፑ ልወጣ ነው» አልኳቸው። አዎ አባዬ፣ በሦስተኛው አለፍኩ፣ የስልጠናው ቦታ ተሰጠኝ። እሱን ግን ገና አልተናገርኩም። ጋሽ ከድር ሹካቸውን ጥለው ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ! «አልሐምዱሊላህ! ወጣሽ? ወይኔ አባትሽ ይህን ሳይሰማ!» እያሉ እንደ ሕፃን አለቀሱ። እኔ ከምን እንደወጣሁ ስጠይቅ «ከጴንጤዎቹ ነዋ» አሉ። እማዬ ድስቱን እንደያዘች «ማን? የማን ልጅ?» ብላ ደርቃ ቀረች።

ወይ ጉድ! እኔ ለንደን ተወልጄ ያደግሁት፣ አንተ አዲስ አበባ ስትማር ፌሎሺፕ ማለት የጴንጤ ተማሪዎች ተሰብስበው የሚጸልዩበት እንደነበር በምን ልወቅ? ዶርም አብሮህ የነበረው ልጅ ፌሎሺፕ ፌሎሺፕ ሲል ቆይቶ ሃይማኖቱን መቀየሩን፣ አባቱ በር ዘግተውበት እስከ ዛሬ ወሬው እንደጠፋ፣ ለጋሽ ከድር ነግረሃቸዋል። ለእኔ አልነገርከኝም። ልጅ እያለሁ ፊደል ስታስቆጥረኝ «አማርኛና እንግሊዝኛ አታዳቅዪ፣ አንድ ቀን ጉድ ያደርግሻል» ትለኝ ነበር፤ እስቅብህ ነበር። ምርምር! አንዲት ቃል! ምርምር ብልህ ምን ነበረበት፣ አፈር ስሆን!

ከዚያ ስልክ በኋላ ዝም ስትለኝ እኔ የመሰለኝ ሌላ ነው። አፈርክብኝ ብዬ ነው የደመደምኩት። ልጄ ዶክተር ናት ብለህ ለመንገደኛው ሁሉ ስታወራ ከርመህ፣ ሁለቴ የወደቀች ልጅ ይዘህ ቀረህ ብዬ። ስለ ፌሎሺፑ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኸኝም፣ እኔም አኩርፌ አላነሳሁልህም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ስትል ነው ያደግሁት፤ በእኛ ዝምታ ግን ስንት ነገር ገባበት፣ አባዬ!

እሁድ እሁድ ቤት መጥቼ ስሰግድ በሩ ላይ ቆመህ ታየኝ ነበር። ደስ እያለህ ይመስለኝ ነበር። ለጋሽ ከድር ግን ለእናቷ ብላ ነው፣ እንዳታዝንባት ነው የምትሰግደው ብለሃቸዋል። በረመዳንም የምርሽን ነው የምትጾሚው ብለህ ስትጠይቀኝ ተናድጄ ታዲያ ለቀልድ ነው ብዬ ተነሳሁብህ። ማረኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ዓይን እያየሁ የምውለው ሴትዮ የአንተን ዓይን ማየት አቃተኝ።

ጋሽ ከድር ኢማሙን እንጥራ፣ ሽማግሌ ሰብስበን እንምከራት ብለውህ ነበር አሉ። እምቢ አልካቸው። በሬን ከዘጋሁባት በየት በኩል ትመለሳለች አልካቸው። እኔ ይኼን ስሰማ እማዬ ጉልበት ላይ ወድቄ ጮህኩ፣ ወላሂ፣ ጎረቤት እስኪሰማ።

ቴምሩስ? በዚያው ረመዳን ለስላሳውን፣ ከራስህ የምትደብቀውን ቴምር ሁለት ፓኮ አምጥተህ አንዱ ያንቺ፣ አንዱ የፌሎሺፕ ሰዎችሽ፣ ባይጾሙም ይብሉ አልከኝ። እኔ እንዴት እንደበረርኩ! አባቴ መውደቄን ይቅር አለኝ ብዬ ነው። ፌሎሺፑ ላይ አራት ነን፣ አራታችንም ሳንመረጥ የቀረን፣ ከእኔ በቀር ሙስሊም የለም፤ ከኮምፒውተራችን ጎን አስቀምጠን ስንበላ ሩት አባትሽን ብናመሰግነው ደስ ይለናል አለች። እኔም እሁድ መጥቼ ሊያዩህ ይፈልጋሉ አልኩህ። መሬት መሬቱን እያየህ ከኢድ በኋላ ይምጡ፣ ቤቴ ይብሉ አልክ።

ዓሣው እኮ እሱ ነው፣ አባዬ። ጋሽ ከድር ሲነግሩኝ እማዬ ፍሪዘሩን ከፍታ ቆማ ነበር። ክርስቲያኖች ናቸው፣ እኛ ያረድነውን ሥጋ አይበሉም፣ ምን ላቅርብላቸው ብለህ በዕረፍት ሰዓታችሁ ስትጨነቅ ሰንብተህ፣ ዓሣ ማንንም አያስቀይምም ብለህ ራስህ ገበያ ሄደህ ገዛህ አሉ። ልጄን ወሰዱብኝ ለምትላቸው ሰዎች! ሽታውን የማትችለውን ዓሣ! እነሱ እኮ ሀላል ይሁን አይሁን ሰምተውም አያውቁ፤ ሩት እንኳ ፊት ለፊቷ ያለውን ዶሮ ማን እንዳረደው ጠይቃ አታውቅም። አንተ ግን የአገርህን ወግ ጠበቅህላቸው።

ይህንን ሳላርምልህ ሄድክ። ከሁሉ የሚገድለኝ እሱ ነው። ስለዚህ አሁን ልንገርህ፣ አንተ ባትሰማኝም እኔ ልበለው፦ ፌሎሺፑ እኮ የዓይን ነው። ምርምር ነው። ልጅህ ለእማዬ ብላ አይደለም የምትሰግደው። ለአንተም ዱዓ የማደርገው በዚያችው በበሩ ትይዩ በተነጠፈችው መስገጃህ ላይ ነው።

እሁድ ይመጣሉ። አራታችንም እንሆናለን፣ ጋሽ ከድርም አሉ። እማዬ ዓመት የከረመ ዓሣ ለእንግዳ አይቀርብም ብላ አዲስ ገዝታለች፤ ያንተን ግን መጣል አልቻለችም፣ ለብቻው ለእኛ ለሁለታችን ጠበሰችው። ደርቋል፣ ጣዕም የለውም፣ አጥንቱን ለቅመን ጨረስነው። «አይነካም» ያልክባትን ወረቀት እኔ ወስጃለሁ፤ የሆስፒታል መታወቂያዬ ጀርባ ከትቻታለሁ፣ በነሐሴ ስልጠናውን ስጀምርም ከእኔ ጋር ትገባለች። ባልመለስም እንኳ ክፍት ሆኖ የሚጠብቀኝ በር እንደነበረኝ እንዳልረሳ በየቀኑ አያታለሁ። እሁድ ገና ሲገቡ ደግሞ እነግራቸዋለሁ፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም፦ የጠራችሁ እኔ አይደለሁም፣ አባዬ ነው።

የትም ያልሄደችው ልጅህ፣
ረምላ