«ግባ»ን «ግቢ» ብለው ላረሙልኝ ሰብሳቢ

ለተከበሩ አቶ አለምሰገድ፣
የወጣት ደራስያን ሥራዎች ገምጋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
አርባ ምንጭ

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ፣ በተለይም የሰው ጽሑፍ በቀይ እስክሪብቶ ሲያርም የከረመው ቀኝ እጅዎ፣ እንዴት እንደሆነ በአክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በመስኖ ምህንድስና ተመርቄ ሥራ እስካገኝ ድረስ ላንቴ ቀበሌ እናቴ ዘንድ ቀን ሙዝ አስጭናለሁ፣ ሲመሽ ልብ ወለድ እጽፋለሁ። በመስኖ የተመረቀ ሰው ልብ ወለድ ምን ያደርግለታል ብለው ስለጠየቁኝም አመሰግናለሁ፤ ጥያቄውን ከዘመዶቼ ሁሉ ሰምቼው ነበር፣ በደብዳቤ ራስጌ ማኅተም ካለው ሰው ስሰማው ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ኮሚቴዎ «ግባ» የተባለውን ረቂቄን ለረጅም ልብ ወለድ ውድድሩ ከቀረቡት መርጦ፣ የተሰጠውን እርማት ተቀብዬ ከፈረምኩ በመሥሪያ ቤቱ ወጪ እንደሚታተም ስላበሰረኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ዕድሜዬን ሁሉ የሌላ ሰው ስም ያለበትን ሽፋን ስገልጥ ስለኖርኩ፣ የራሴን ስም እዚያ ላይ ለማየት ምን ያህል እንደጓጓሁ አልደብቅዎትም። ፊርማዬ የሚጠበቀው ነገ ስለሆነ ግን መልሴን በአደባባይ ማቅረብ ግድ ሆነብኝ።

ልብ ወለዱን ላላነበቡ፣ ከኮሚቴው አባላትም አንዳንዶቹን ጨምሮ፣ ባጭሩ ልናገር። ባሏ የሞተባት የላንቴ ገበሬ ሴት አለች። አንዲት ልጇን፣ ትምህርት ቤት እንዳትቸገር ብላ፣ ጋሞኛዋን ትታ ከገበያ በለቀመችው አማርኛ አሳድጋታለች። ልጅቷ ተጣልታት ከቤት ትወጣለች፤ ከዓመታት በኋላ አመሻሽ ላይ ተመልሳ በሩን ታንኳኳለች። እናትየው አታለቅስም፣ ይቅር ብያለሁም አትልም። «ግባ። በልተሃል?» ትላለች። መጽሐፉ እዚያ ላይ ያልቃል። ለሴት ልጇ «ግባ» ማለቷን ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል፤ ለሩቅ አንባቢ ግን ልበል፤ በጋሞኛ «አንተ»ም «አንቺ»ም አንድ ቃል ነው። በዚያ ቋንቋ አፏን የፈታች እናት አማርኛ ስትናገር ወንድና ሴት አትለይም፤ ብዙዎቻችንም እንዲያ ተጠርተን ነው ያደግነው።

አሁን ወደ እርማትዎ ልምጣ።

አንደኛ፣ «ባሏ የሞተባት ሴት በምሽት ወደ ቤቷ የምታስገባው ወንድ ማንነት አልተገለጸም፤ ይህም ከማኅበረሰቡ ሥነ ምግባር ጋር አይሄድም» ተብሏል። ያንን ምዕራፍ ክረምቱን ሙሉ ስጽፍ ስሰርዝ ከርሜ እንዲህ ያለ ወንድ አላየሁም ነበር፤ አንድ ጊዜ ገልጠው ስላገኙልኝ አመሰግናለሁ። የኮሚቴው አባል አቶ ተስፋጽዮን ደግሞ ነገሩ በዚህ ከሚቀር ቢያንስ ሽማግሌ ይላክ ማለታቸውን ሰምቻለሁ፤ ለቤተሰብ ክብር ያላቸውን ጭንቀት አደንቃለሁ። ችግሩ ሽማግሌዎቹ የሚላኩት ለእናት የገዛ ልጇን እንዲያጩላት መሆኑ ነው።

ሁለተኛ፣ መጽሐፉ የዞኑን የቱሪስት መስህቦች እንደማያስተዋውቅ፣ በተለይም አዞ እንደሌለበት ተጠቁሟል። ተቀብያለሁ። ባለታሪኳን አባያ ዳር ልወስዳት ሞክሬ ነበር፤ ነገር ግን አዞው በሦስተኛው ገጽ ካገኛት ሥራው አጭር ልብ ወለድ ይሆንና ከውድድሩ ዘርፍ ይወጣል ብዬ ፈራሁ።

ሦስተኛ፣ የጾታ ስምምነት ሕግ እንዲከበር ርዕሱ ከ«ግባ» ወደ «ግቢ» ተለውጧል። ሰዋስውዎ እንከን የለውም። ከአርባ ምንጭ እስከ አዲስ አበባ ያለ ተማሪ ሁሉ ግን «ግቢ» የሚለው ዩኒቨርሲቲውን ነው፤ እንዲህ ተብሎ ቢወጣ የዶርም ፍቅር ታሪክ መስሎት የሚገዛው ብዙ ይሆናል፣ ውስጡ አንዲት አሮጊት ሲያገኝ የሚለኝን ግን እርስዎ ቆመው ይስሙልኝ።

አራተኛውን በቀልድ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። ቢሮዎ መጥቼ ይህንን ሁሉ ሳስረዳዎት ነገሩ ጠፍቶዎት እንዳልነበር ነገሩኝ። በሩን ገፋ አድርገው ዘጉና፣ የእርስዎም እናት እንዲያ ይናገሩ እንደነበር ድምፅዎን ዝቅ አድርገው አጫወቱኝ። ከዚያ «አዲስ አበባ ሲያነቡት አማርኛ አይችሉም ይሉናል፤ ለምን ይሳቅብን?» አሉኝ። ስለዚህ ያ ወንድ ከየት እንደመጣ ገባኝ። በምሽት ሰው የምታስገባ ሴት ከማሳተም ይልቅ እንደ እናትዎ የምትናገር ሴት ማሳተም አሳፍሮዎታል።

እኔም ብልህ አይደለሁም፤ እርማቱን ቤት ወስጄ ለእናቴ ለአገርነሽ ነገርኳት፤ የባለታሪኳ አነጋገር ከእሷ የተቀዳ ነውና አብረን የምንስቅ መስሎኝ ነበር። አልሳቀችም። የያዘችውን የሙዝ ቅጠል አስቀመጠችና፣ «አስተካክል። እኔ ያበላሸሁትን አስተካክልና መጽሐፍህ ይውጣ» አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከውጭ ስገባ «ግባ» አትለኝም። በእጇ ወንበሩን ታሳየኛለች። ከቤተ ክርስቲያን ሴቶች ሲመጡም አማርኛ የሚናገር ሰው አብሯቸው ካለ ዝም ትላለች። ኮሚቴዎ አንድ ገጽ አርሞ አንድ አፍ ስለዘጋ፣ ለቋንቋችን ንጽሕና ያበረከተው አስተዋጽኦ በዓመታዊ ሪፖርቱ ውስጥ እንዲካተት አሳስባለሁ።

ስለዚህ አልፈርምም። ረቂቄ ይመለስልኝ። መጽሐፍ ሆኖ ላይወጣ እንደሚችል አውቃለሁ፤ ሌላ የሚያሳትምልኝም የለም፤ ይህንን ስጽፍ ደግሞ ደስ ብሎኝ አይደለም። ቅዳሜ እቤት ቁጭ ብዬ የመጨረሻውን ምዕራፍ ለእናቴ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ፤ ያለ እርማት፣ እሷ ራሷ እንደምትለው። ከሳቀች መጽሐፌ ወጣ እላለሁ።

በእርማትዎ ዕድሜ ልኳን የምትማር፣ ለቀይ እስክሪብቶዎ ቀለም እንዳያልቅበት ዘወትር የምትጸልይ፣ ታዛዥነቷ ግን እዚህ ላይ ያበቃባት፣

ቤተል ማርቆስ
ከላንቴ

ማስታወሻ፦ የዚያን ዕለት እስከ ደጅ ሸኝተውኝ ስንለያይ «በርታ፣ ጎበዝ ልጅ ነህ» ብለውኛል። ከኮሚቴው ከደረሱኝ አስተያየቶች ሁሉ ከልብ የተባለ የመሰለኝ እሱ ብቻ ነው፤ እባክዎ አያርሙት።