ዋሻው ውስጥ ያለው ሾርት

ሰኞ፣ ሐምሌ 14

ባቡሮቹ ሁሉ ባንዴ ቆሙና አባባ ተነስቶ ወጣ። ትናንት ነው። እኔ ሱቅ ውስጥ የሰው ስልክ ከፍቼ ብሎኑን እየፈለግኩ ነበር፤ ሲወጣ አላየሁትም። ጎረቤታችን እትዬ ራቢያ አጋሮ መንገድ ላይ አግኝታ፣ ዝናብ አበስብሶት፣ ክንዱን ይዛ አመጣችው።

"ወላሂ ሰውን ሁሉ እያስቆሙ ሐዲዱ የት ነው ይላሉ" አለችኝ። "እስቲ ራሄል፣ ጅማ ውስጥ የምን ሐዲድ አለ?"

የለም። ሐዲድ ያለው እኛ ጓዳ ብቻ ነው። ዩኒቨርሲቲው ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ያስተምር የነበረ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ አንድ ሣጥን ትንንሽ የመጫወቻ ባቡር ከነሐዲዱ ትቶልኝ ሄደ። አባባ ደግሞ ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ሲሠራ ነው ያረጀው። መርሳት ከጀመረ ወዲህ የኔ ስም እንኳ ይጠፋበታል፤ ባቡሮቹ ሲዞሩ ግን ተረጋግቶ ያያል፣ ይበላል፣ ይተኛል። ሲቆሙ መንገደኛ ሜዳ ላይ ቀርቷል ብሎ ፍለጋ ይወጣል።

ወንድሜ ዳንኤል ከአዲስ አበባ ደወለ። ቅዳሜ እመጣለሁ፣ እንዲህ የሚወጣ ከሆነ ይዤው እሄዳለሁ አለ። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ፣ ቀኑን ሙሉ በር ተቆልፎበት! አባባ እዚያ አይቆይም፣ ይሞትብናል። ስለዚህ ሥራዬ አንድ ነው፤ ባቡሮቹ ሁሉ ባንዴ እንዳይቆሙ ማድረግ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 15

ሱቁን ዘጋሁ። ደንበኞች ይማረሩ።

ነገሩ ዲጂታል ነው። ኤሌክትሪኩም ትዕዛዙም በሁለቱ ሐዲዶች አብረው ይሄዳሉ። አንዲት ጎማ ስታ ወጥታ ሁለቱን ካነካካች ሾርት ይሆናል፤ ዋናው ማዘዣ ሣጥንም ለራሱ ይፈራና ሁሉንም ድርግም ያደርጋል። መፍትሔው መከፋፈል ነው። ሐዲዱን በመጋዝ ቆርጬ አራት ክፍል አደረግኩት፤ ጣቢያው፣ የቡና መጋዘኑ፣ ድልድዩ፣ ዋሻው። ለየክፍሉ ትንሽ ብሬከር፣ ለየብሬከሩ መብራት። ደህና ሲሆን አረንጓዴ፣ ሾርት ሲሆን ቀይ።

ከዚያ ፈተና። መጋዘኑ ጋ የአንድ ብር ሳንቲም ሁለቱ ሐዲዶች ላይ አጋደምኩ። ሁሉም ቆመ! ዋናው ማዘዣ ትንሹን ብሬከር ቀደመው። አባባ ከወንበሩ ተነሳ፤ በር ላይ ሮጬ ደረስኩበት።

ትንንሾቹን ከዋናው ቀድመው እንዲቆርጡ አስተካከልኳቸው። ዋሻው ጋ ደግሞ ሽቦው ቀጭን ስለነበር በወፍራም ቀየርኩት። እንደገና ሳንቲም። ቀጭ! መጋዘኑ ብቻ ቆመ። ሌላው ይዞራል። አባባ አልተነሳም። ለራሴ አጨበጨብኩ፤ ሌላ ማን ያጨብጭብልኝ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 16

የዋሻው ክፍል ሾርት አደረገ። ውስጡ ባቡር የለም።

ከሰዓት በኋላ ነው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ። አባባ ድንገት እጁን አነሳና "ያዙ! መስመር ላይ ሰው አለ" አለ። ከዚያ ቀጭ፣ ቀይ መብራት። ልብ ይባል፣ ብሬከሩ ከመቁረጡ በፊት ነው የተናገረው። ትንሽ ቆይቶ "አለፈ፣ ልቀቁ" አለ፤ መብራቱ ራሱ አረንጓዴ ሆነ። ብሬከሩ ሾርቱ ሲለቅ ራሱ እንዲመለስ አድርጌ ነው የሠራሁት፣ እሱ አይገርምም። ሾርቱ ለምን እንደለቀቀ ነው ያልገባኝ።

በቴስተር ለካሁ። ምንም። በስልኬ ባትሪ አየሁ። ምንም። እርጥበት ይሆናል ብዬ በፀጉር ማድረቂያ አደረቅኩት። ሲመሽ ደገመው፣ አሁንም አባባ ቀደመው። ጆሮው ከኔ ይበልጣል ማለት ነው። ሌላ ምን ልበል?

ሐሙስ፣ ሐምሌ 17

ዛሬ ሁለቴ። ሁለተኛው ላይ አባባ መኝታ ቤት ተኝቶ ነበር፤ በግድግዳው በኩል "ያዙ!" ሲል ሰማሁት።

ተናድጄ ዋሻውን የሸፈነውን ተራራ ጀርባውን በቢላ ቀደድኩት። ከጆንያና ከጄሶ ነው የሠራሁት፣ ሳምንት ፈጅቶብኛል። ዋሻው መሐል፣ በሁለቱ ሐዲዶች ላይ ተጋድሞ፣ የፀጉር ማስያዣ ሽቦ አገኘሁ። የእማዬ ነው። ጫፉን በጥርሷ ታጣምመው ስለነበር አውቀዋለሁ።

ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ድሬዳዋ እያለን እማዬ የአባባን ምሳ ይዛ ሐዲዱን አቋርጣ ነበር የምትመጣው። እሷ እስክታልፍ አባባ ሐዲዱ ላይ ብረት ያጋድማል፤ ያ ብረት ሳይነሳ ማንም ባቡር አይነዳም። አሁንም ያንኑ እያደረገ ነው፣ ሽቦውን ኮቱ ኪስ ውስጥ አቆይቶት ይሆናል አልኩ። ደስ አለኝ፣ ሾርቱም ተገኘ።

ከዚያ እጄን በዋሻው አፍ አስገባሁ። ዋሻው ጠቦ ክርኔ ጋ ቆመ፤ ሽቦው የነበረበት ጋ አልደረሰም። የአባባ ክንድ ከኔ ያጥራል። ደግሞስ የእማዬን ዕቃ ሁሉ ከአርባዋ በኋላ ለሰው ሰጥተን የለ?

ዓርብ፣ ሐምሌ 18

ሽቦውን ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ይዤዋለሁ። ቀኑን ሙሉ አራቱም አረንጓዴ። ገንፎ ሠራሁ፣ አባባ ጨርሶ በላ። ዳንኤል ነገ በጠዋት እነሳለሁ ብሏል።

አየሽ፣ ሽቦው ነው አልኩ ለራሴ። ዛሬ በደንብ እተኛለሁ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 19

ዛሬ ገብርኤል ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ሳልሄድ ቀረሁ።

ዳንኤል ምሳ ሰዓት ላይ ደረሰ። አባባ አላወቀውም፤ ተቆጣጣሪ መስሎት ብድግ ብሎ ሰላም አለው። ዳንኤል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። "ሻንጣውን አዘጋጂልኝ ራሄል፣ አንቺም ደክሞሻል" አለኝ። ያኔ አባባ እጁን አነሳ።

"ያዙ! መጣች።"

"መጣች" ነው ያለው። ቀጭ። የዋሻው መብራት ቀላ። አንደኛው ባቡር ዋሻው አፍ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ጣቢያውና ድልድዩ ላይ ያሉት መዞራቸውን ቀጠሉ። ዳንኤል በሩን ዘግቶ ቆመ፣ ይወጣል ብሎ። አባባ ግን አልተነሳም። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠበቀ። እኔ ኪሴን ዳሰስኩ፤ ሽቦው እዚያው አለ፣ ጣቴን ወጋኝ።

"አለፈች። ልቀቁ።" አረንጓዴ።

"ምን ነበር?" አለ ዳንኤል። ድምፁ ቀጥኗል።

"እርጥበት" አልኩት።

ማታ እራት ላይ ዳንኤል "እዚሁ ይሁን፣ እንዲህ ተረጋግቶ አይቼው አላውቅም" አለ። ያሸነፍኩ እኔ ነኝ።

እሑድ፣ ሐምሌ 20

ዳንኤል በጠዋት ሄደ።

የዋሻውን የኤሌክትሪክ ሽቦ ከነጭራሹ ልቆርጠው ነበር። ባቡሩ በድልድዩ ብቻ ቢዞር አባባ ግድ የለውም፣ እኔም እፎይ እላለሁ። መቁረጫውን ይዤ ሐዲዱ የተዘረጋበት ጠረጴዛ ሥር ገባሁ። ብዙ ቆየሁ። እማዬን ጨለማ ውስጥ ብቻዋን የምተዋት መሰለኝ፤ ሳልቆርጥ ወጣሁ። እብደት ከሆነ ይሁን።

ስምንት ሰዓት ግድም ባቡሩ ወደ ዋሻው ሲጠጋ ክንዴ ላይ አንድ ነገር ቀዘቀዘኝ። መብራቱ ገና አረንጓዴ ነው። አባባም ምንም አላለም። እኔ ራሴ ባቡሩን በማዘዣው አቆምኩት።

አባባ ዞር ብሎ አየኝ። "ጎሽ፣ ራሄል" አለ።

ከዚያ ቀጭ አለ፣ ቀይ። ሁለታችንም ቁጭ ብለን ጠበቅን። እኔ ዓይኔን ከዋሻው አፍ ማንሳት አልቻልኩም፤ እሱ ኮሌታውን ያስተካክል ነበር።