ስለ ኦርላ ኬልሰን አጥር ለሊቀመንበሩ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ አቶ ሄኒንግ ብራንት
የሶልባከን የአትክልት ቦታ ባለይዞታዎች ማኅበር ሊቀመንበር
(አባላት ሁሉ እንዲያነቡት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈ)

ክቡር ሊቀመንበር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የወገብዎ ሕመም ተሽሎዎት፣ ከደረት ኪስዎ የማይለየው መለኪያ ሜትርም ሳይዛነፍ፣ ይህ ግንቦት በሰላም እንደገባልዎ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በአካል ደህና ነኝ። የቀረውን ወደ ታች ያነቡታል።

«በድንበርዎ መስመር ላይ ያልተፈቀደ የዱር ተክል ስለታየ በአሥራ አራት ቀን ውስጥ እንዲነቅሉ» የሚለው ደብዳቤዎ ደርሶኛል። አጻጻፉ ጥርት ያለ ነው፤ ለሁሉ የሚላከውን ቅጽ እኔው ራሴ ጸሐፊ ሆኜ ያረቀቅሁት ስለሆነ እንከን ላወጣለት አልችልም። ከመልሴ በፊት ግን ያለፈውን ዓመት ውለታዎን በቁጥር ላስቀምጥ።

1ኛ. ጎረቤቴን ኦርላ ኬልሰንን ከጥፋታቸው ስለመለሱልን አመሰግናለሁ። አዲስ ለገቡ አባላት ለማስረዳት ያህል፣ ኦርላ የሰማንያ ሁለት ዓመት አዛውንትና የመርከብ ሞተር ባለሙያ የነበሩ ሰው ሲሆኑ፣ ጥፋታቸውም በእኔና በእሳቸው ቦታ መካከል ደንባችን የሚያዘውን፣ ከሩቅ አገር መጥቶ በሱቅ የሚሸጠውን፣ ዓመቱን ሙሉ እንደ ፕላስቲክ የሚያብረቀርቀውን አጥር ትተው የገዛ አገራችንን ቁጥቋጦ መትከላቸው ነበር። ነጭ የሚያብበው እሾሃማው፣ ትዮርን የሚባለው ነበረ፤ ፍሬው የሚበላው ሐሰል ነበረ፤ ከአበባው መጠጥ የሚዘጋጅ ሂል የሚባለውም ነበረ። የገጠሩ መንገድ ሲሰፋ፣ ማሽን የጥንቱን አጥር ከመገርሰሱ በፊት፣ ከሟች ባለቤታቸው ከኤሊን ጋር ፍሬውን በባልዲ ለቅመው፣ ሁለት የብርድ ወቅት በአሸዋ ውስጥ አቆይተው ያበቀሉት ነው። ለመብቀል ሁለት ዓመት የሚፈጅ ነገር በደንባችን አንቀጽ ሰባት ውስጥ ቦታ እንደሌለው ግልጽ ነው።

2ኛ. የዛሬ ዓመት መጋቢት ላይ ወደ እኔ ዘንድ መጥተው ስላከበሩኝ አመሰግናለሁ። የፖም ኬኬን ሁለት ጊዜ አስደግመው፣ «ኢንገሊሰ፣ አንቺ እኮ ሥርዓት የምትወጂ ሴት ነሽ። ያ ሁሉ ቅጠል ነጩ ጠጠርሽ ላይ ሲረግፍ ዝም ትያለሽ? ስምሽ አይነሳም፤ እዚህ አቤቱታው ላይ ብቻ ፈርሚልኝ» አሉኝ። ወዲያውም፣ እግረ መንገድዎን እንደሚናገር ሰው፣ የጸሐፊነቱ ቦታ ክፍት መሆኑን ጠቀስ አደረጉ። ቅጠሉ አስመርሮኝ ነው የፈረምሁት ብል ደስ ይለኝ ነበር። ነገር ግን ቅጠል በዓመት አንድ ቅዳሜ የሚጠረግ ነገር ነው። የፈረምሁት ሰዎች «ጸሐፊዋ» እንዲሉኝ ነው። ስድሳ አንድ ዓመት ሞልቶኝ እንዲህ ያለ ነገር ያምረኛል ብዬ አላስብም ነበር።

3ኛ. ቃልዎን አክብረው ስሜን ስለደበቁ በተለይ አመሰግናለሁ፤ ምክንያቱም በሳምንቱ ኦርላ አጥሩን እንዲያነሱ ከማኅበሩ የደረሳቸውን ደብዳቤ ይዘው የመጡት ወደ እኔ ነው። «አንቺ ልጅ፣ መነጽሬ ተሰብሮብኛል፤ እስቲ ይኼን አንብቢልኝ» አሉና በረንዳዬ ላይ ተቀመጡ። አነበብሁላቸው። «ስማቸው እንዲገለጽ ያልፈለጉ አንድ ጎረቤት» የሚለው ጋ ስደርስ ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ ዛሬም ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይኸው ነው። ኦርላ «ማን ይሆን እንዲህ የከፋው? መጥቶ ቢነግረኝ እኮ እከረክምለት ነበር» አሉ። እኔም፣ ክቡር ሆይ፣ «ሰው ክፉ ነው» አልኋቸው። «እንኳን አንቺ አለሽ» ብለውኝ ሄዱ።

4ኛ. በግንቦቱ የጋራ ሥራ ቀን መጋዙን በራስዎ እጅ ስለያዙ አመሰግናለሁ። ጸሐፊ ነኝና ቅርንጫፉን የምጎትተው እኔ ነበርሁ። ኦርላ ወጥተው አዩን፤ የሚጮሁ መስሎኝ ነበር። ተመልሰው ገቡና ወፍራም የቆዳ ጓንታቸውን አምጥተው፣ «የትዮርን እሾህ ያመረቅዛል፤ ይኼን አጥልቂ» አሉኝ። አጠለቅሁት። በእሳቸው ጓንት አጥራቸውን አወረድሁ። ከሐሰሉ ሥር አራት እንቁላል ያለበት ጎጆ ሲገኝ እርስዎ «ወፍ ሌላ ቦታ አታጣም» ብለው ወደ ጋሪው ከተቱት፤ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ቀና ስል ኦርላ ገብተው በራቸውን ዘግተው ነበር።

በአራተኛው ቀን ጓንቱን ልመልስ ሄጄ፣ «ደብዳቤው ላይ ስሙ ያልተገለጸው ጎረቤት እኔ ነኝ» አልኋቸው። ይቅር ይሉኝ ይሆናል፣ ወይም ይሰድቡኛል ብዬ ነበር፤ ሁለቱም ባቀለሉልኝ ነበር። ጓንቱን ተቀብለው ጣቶቹን አንድ በአንድ አስተካከሉና፣ «ባትነግሪኝ ይሻለኝ ነበር። አጥሩን ነበር ያጣሁት፤ አሁን ጎረቤትም የለኝም» አሉ። በመስከረም ቦታውን ለቀው ልጃቸው ዘንድ ገቡ። ሁለት ጊዜ ጽፌላቸዋለሁ። መልስ አልመጣም፤ መልስ የሚገባኝም አይደለሁም።

እንግዲህ ወደ ደብዳቤዎ ልመለስ። የታየው ተክል በየዓመቱ በጠጠሬ መሐል ብቅ ሲል እንደ አረም ስነቅለው የኖርሁት ነው፤ ወፎች ፍሬውን ከኦርላ አጥር ለቅመው በእኔ በኩል የጣሉት ነው። ዘንድሮ ግን ጠጠሩን አንስቼ፣ አሥራ አንዱን ችግኝ በቀድሞው መስመር ላይ በእጄ ተክያለሁ። ረጅሙ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ይደርሳል። ይህን ያደረግሁት ኦርላ እንዲያዩልኝ አይደለም፤ አያዩትም። ችግኞቹ አጥር እስኪሆኑ እኔም ሰባ ዓመት ያልፈኛል። አልነቅላቸውም። ለመንቀል የሚመጣ አባል ካለ በሩ ክፍት ነው፤ ስሙን ግን እኔው ፊት ለፊት እጠይቀዋለሁ። የማኅበሩን ማኅተምና የቃለ ጉባኤውን መዝገብ ከዚህ ጋር መልሻለሁ።

ጤናና ረጅም ዕድሜ፣ ቀጥ ያለ አጥርና የማይረግፍ ቅጠል እየተመኘሁልዎ፣ ከአክብሮቴ በሚበልጥ ሀፍረት እሰናበትዎታለሁ።

ኢንገሊሰ ቶሩፕ
የቦታ ቁጥር 14፣ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ጸሐፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ «ሶልባከን፣ የተፈጥሮ ወዳጅ» በሚለው አዲሱ መጽሔታችን ሽፋን ላይ፣ ቀይ ፍሬ በምንቃሯ ይዛ በረዶ ላይ የተቀመጠችው ወፍ እጅግ ታምራለች። ፎቶውን ያነሱት እርስዎ እንደሆኑ፣ ያነሱትም ከኦርላ አጥር ሥር፣ አጥሩ ከመቆረጡ በፊት በነበረው ታኅሣሥ እንደሆነ ስለማስታውስ፣ ለቀጣዩ እትም ደንቡ የሚያዘውን የሚያብረቀርቅ አጥር ፎቶ እንዲያወጡ በትሕትና አሳስባለሁ። ወፏን ግን ከሌላ ማኅበር መዋስ ይኖርብዎታል።